የእንቁላሉ ሌባ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አያቴ ቤት ሄደን ሳለን ዶሮዎቹ የሚጥሉት እንቁላል ከቅርጫቱ እየጠፋ አስቸገረን። እኔም ታላቅ ነኝ በማለት፣ ነገሩን ሳልመረምር፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድሜን ከሰስኩት። ልጁ እያለቀሰ ቢምልም የሚያምነው አላገኘም። አያቴም «ሌባው ሊሰቀል ሲል እናቱን ‹በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ› አላት» ብለው በአለንጋ ገረፉት።

በማግስቱ ከቅርጫቱ አጠገብ አንድ የእንቁላል ቅርፊት አገኘሁ። ሰው እንደ ሰበረው አልተበታተነም፤ በስሱ ሽፋኑ ተያይዞ እንደ ተጨመቀ ከረጢት ተጨማድዶ ነበረ። ግራ ገባኝና ጣልኩት። በዚያው ማታ አንድ ቀጭን እባብ ከግድግዳው ሥር ታየ፤ ተጠቅልሎም ሻካራ ጎኑን እርስ በርሱ እያፋተገ አስፈሪ ድምፅ አሰማ። ጎረቤታችን «እፉኝት ነው!» ብሎ በዱላ ገደለው። ከእንቁላሉ ጋር ያያያዘው ግን አልነበረም።

ትምህርት ሲከፈት ይህን ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው ፈገግ አሉ። ያ እባብ በሳይንስ ስሙ ዳሲፔልቲስ የሚባለው ነው። በአፍሪካ በብዙ ስፍራ፣ በአገራችንም ይኖራል። ምግቡ የአእዋፍ እንቁላል ብቻ ነው። መርዝ የለውም፤ ጥርሶቹም ጥቂትና ደካሞች ስለ ሆኑ፣ ጠላት ሲመጣበት እፉኝት መስሎ ከማስፈራራት በቀር ሌላ መከላከያ የለውም።

አበላሉ እጅግ ያስደንቃል። አስቀድሞ እንቁላሉን ያሸታል፤ የተበላሸ ከሆነ ይተወዋል። ደኅና ከሆነ ግን መንጋጋው በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ስለ ሆነ አፉን ከፍቶ ከገዛ ራሱ የሚሰፋውን እንቁላል ሳይሰብር ቀስ በቀስ ይውጠዋል። እንቁላሉ ጉሮሮው ሲደርስ፣ ከጀርባ አጥንቱ ወደ ውስጥ የወጡ ሹል አጥንቶች አሉና፣ በጡንቻው እየጫነ በእነርሱ ይሰብረዋል። ፈሳሹ ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ የተጨማደደውን ቅርፊት መልሶ ይተፋዋል።

ይህን ስሰማ ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ያ ቅርፊት ለወንድሜ ንጽሕና ምስክር ነበረ፤ እኔ ግን በእጄ ይዤው ሳላስተውል ጣልኩት።

ለገና ስንሄድ ነገሩን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳቸው። ወንድሜን ጠርተው አቅፈው ሳሙት፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ «እባቡንስ ማን ይቅርታ ይጠይቀው?» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ዕውቀት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። ቀደም ብዬ ይህን ጥቂት ነገር ባውቅ ኖሮ አንድ ሕፃን ባልተገረፈ፣ አንድ የማይጎዳ ፍጥረትም ባልተገደለ ነበር።