ወደ መቱ ስትጓዙ፦ ሁለት ፓስፖርት፣ አንድ ቤተሰብ

የትዳር ጓደኛችሁ የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ ወላጆቻችሁ መቱ የሚጠብቋችሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ፈተና የሚገጥማችሁ ቦሌ ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ነው። እዚያ ኢትዮጵያውያን በአንድ፣ የውጭ ዜጎች በሌላ ሰልፍ ይቆማሉ። እናት ወዲህ አባት ወዲያ ሲሉ ልጆች ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት አብራችሁ ማለፍ ትችሉ እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠይቁ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀታችሁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ይሁን።

ጋብቻችሁ ዜግነታችሁን አይነጥቃችሁም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ይህን ያረጋግጣል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ቢጫ ካርድ ካለው ያለ ቪዛ ይገባል። ሌላው የውጭ ዜጋ ግን ቪዛውን አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጋችሁ መቱ ትደርሳላችሁ። ለልጆቻችሁ የሶርን ፏፏቴ አሳዩአቸው። ጎሬ ስትደርሱም ታሪኩን ንገሯቸው፦ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ስላገኙ፣ የዚህ አገር ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ኢሉባቦር እንግዳ መቀበልን ዛሬ አልጀመረችም።

ሞዓባዊቷ ሩትም ቤተልሔም የገባችው ባዕድ ሆና ነው፤ ንጉሥ ዳዊት ግን ከእርስዋ ዘር ተወለደ። እንግዲህ ቀድማችሁ ካለፋችሁ፣ በሌላው ሰልፍ የቀረውን የትዳር ጓደኛችሁን ቆማችሁ ጠብቁ። ወደ ወላጆቻችሁም ደጅ አንድ ሆናችሁ ግቡ። ጌታ ጉዟችሁን ይባርክ!