የመጽሐፉ ሥጋ

በቅኔ ቤት ልማድ ቅኔ የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ በማኅሌት የቀረበውን መወድስ ነገ ደግሞ የሚያቀርብ ቢገኝ፥ የዘረፈው ራሱ ባለቤቱ እንኳ ቢሆን፥ አዲስ ማውጣት የተሳነው ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ታላላቅ መምህራን በዕድሜያቸው ሙሉ ስፍር ቍጥር የሌለው ቅኔ ሲቀኙ ኖረው፥ ባረፉ ጊዜ የሚገኝላቸው እፍኝ የማይሞላ ነው፤ ይኸውም ደቀ መዝሙር በልቡ ይዞት ወይም በብጣሽ ብራና ላይ ጽፎት የተረፈው ነው።

በጎጃም የዋሸራን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መምህር ባረፉ ጊዜ ይህ ነገር ደቀ መዛሙርታቸውን አሳዘናቸው። እያንዳንዱ በልቡ የቀረውን እያመጣ፥ አንዱ የረሳውን ሌላው እየሞላ፥ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ያለውን ሰብስበው በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙት። ይህ ከሆነ 40 ዓመት አለፈው። ገንዘብ አልነበራቸውምና ማተሚያ ቤቱ ርካሽ ነው ያለውን ወረቀት ተቀበሉ። የፊደሉን ግድፈት ለማረም ሦስት ሌሊት ሻማ ያበሩ ሰዎች፥ ፊደሉ የሚያድርበትን ወረቀት አንድ ጊዜ እንኳ በጣታቸው አልዳሰሱትም።

ከእነዚያ ደቀ መዛሙርት አንዱ ዛሬ በዕድሜ የገፉ መሪጌታ ናቸው። በቅርቡ አንድ ተማሪ የመምህሩን መወድስ ሊጽፍ ፈልጎ ቢለምናቸው፥ መጽሐፏን ከሣጥናቸው አወጡለት። ዳርና ዳርዋ እንደ ተጠበሰ ቂጣ ጠቍሮአል። ተማሪው ቅጠሉን ሲገልጥ ማዕዘኑ በእጁ ላይ ተሰበረ፤ ተሰበረ እንጂ ተቀደደ አይባልም። ከስባሪው ጋራ የመወድሱ መጨረሻ ቤት አብሮ ረገፈ። መሪጌታው ያን ቤት ሊሞሉለት አሰቡ፤ አልመጣላቸውም። አብረው ከጻፉት ጓደኞቻቸው ሊጠይቁ የሚችሉት ሁለቱን ብቻ ነበር፤ እነርሱም አላስታወሱትም።

በዚያው ሣጥን ውስጥ ከአያታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት አለ። ሁለቱ መጻሕፍት የኖሩት አብረው ነው፤ አንድ ጢስ አጥኖአቸዋል፥ አንድ ክረምት አርጥቦአቸዋል። ዳዊቱ ግን ከሰም ነጠብጣብና ከጣት እድፍ በቀር ጕዳት አላገኘውም።

የብራናውን ጽናት ማስረዳት አያስቸግርም። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ዘፍዝፎ፥ በመወጠሪያ እንጨት ላይ ወጥሮ፥ ሥጋውንና ጠጕሩን ፍቆ፥ በድንጋይ እያሸ ያለሰልሰዋል። ቁም ጸሐፊውም ቀለሙን ከመበጥበጡ አስቀድሞ ቆዳውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፤ ቀዳዳ ቢያገኝ ይሰፋዋል፤ የሥጋው ወገን ከሥጋው፥ የጠጕሩ ወገን ከጠጕሩ ፊት ለፊት እንዲገናኝ አድርጎ ይጠርዛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንዲት ፊደል አልተጻፈችም። ጸሐፊ ማለት የሚጽፍበትን ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ብራና ይኖራል ወረቀት ይጠፋል ብሎ የሚፈርድ ብዙ ነው። ይህ ግን የችኮላ ፍርድ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ከነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ በ1513 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ቍጥር ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከእርሱም በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው፥ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዝ የማያነቡ ነበሩና፥ አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ግድፈቱ አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። የሁለቱም መጻሕፍት ቅጂዎች በኤውሮጳ አብያተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አሉ፤ ወረቀታቸውም ሲገልጡት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። መነኵሴው ስለ ፊደሉ ይቅርታ ለመኑ፤ ስለ ወረቀቱ መለመን ግን አላስፈለጋቸውም።

የዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ነበር። ያረጀው ሸሚዝና አንሶላ ተለቅሞ ይዘፈዘፋል፤ ውኃ በሚያዞረው መዶሻ ተወቅጦ እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ይበጠበጣል። ሠራተኛውም የሽቦ ወንፊት ነክሮ ያነሣና ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል፤ ጭረቱ እርስ በርሱ የሚያያዘው በዚያ ንቅናቄ ነው። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ መካከል ተጨምቆ፥ በገመድ ላይ ደርቆ፥ ከቆዳና ከአጥንት በተቀቀለ ሙጫ ይነከራል፤ ሙጫው ከሌለ ቀለም እንደ ውኃ ይሰርጋልና። ልብ ላለው ሰው ይህ ሥራ ከብራናው ሥራ ብዙ አይርቅም።

ዮሐንስ ጉተንበርግም በ1455 ገደማ በማይንጽ ከተማ መጽሐፍ ቅዱስን ባተመ ጊዜ፥ ከ180 ያህል ቅጂ ሩቡን ያህል በብራና፥ የቀረውን በወረቀት አተመው። ወረቀቱን ያስመጣው ከሰሜን ኢጣልያ ነው። የማተሚያ ጥበብ ባልተለመደበት ዘመን፥ ዕዳ የተጫነው ሰው፥ ተራራ ተሻግሮ የሚመጣ ወረቀት መምረጡ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ወረቀት የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1798 ፈረንሳዊው ኒኮላ ሉዊ ሮቤር ወረቀት የሚሠራ መኪና አወጣ። በ1807 ጀርመናዊው ኢሊግ የቆዳውን ሙጫ ትቶ በጥድ ሙጫና በሸብ ቀለምን የሚያግድ ወረቀት መሥራትን አስተማረ። በ1844 ደግሞ ኬለር የሚባል የአገሩ ሰው እንጨትን በድንጋይ ፈጭቶ የወረቀት ሊጥ አደረገው። ወረቀት ረከሰ፤ ጋዜጣ በየቤቱ ገባ፤ ድኻ ልጁን ማስተማር ቻለ፤ ይህንንም በጎነት መካድ አይገባም። ነገር ግን ሸቡ በወረቀቱ ውስጥ አሲድ ያፈራል፤ አሲዱም ጭረቱን በየዓመቱ ይቈራርጠዋል። የተፈጨው እንጨት ደግሞ እንጨቱን አጣብቆ የሚያቆመውን ነገር እንደ ያዘ ስለሚቀር፥ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። የመምህሩ ቅኔ የታተመባት ወረቀት ከዚህ ወገን ናት። ጢሱም ክረምቱም ተጨምሮባት ይሆናል፤ በሽታዋ ግን ከመወለዷ ጋራ የመጣ ነው።

ይህን ውርደት አይቶ ያዘነ እንግሊዛዊ ዊልያም ሞሪስ ይባላል። ባለቅኔና የጨርቅ ጥለት ነዳፊ የነበረው ይህ ሰው፥ በ1891 ኬልምስኮት የሚባለውን ማተሚያ ቤት አቆመ። በ1473 በቦሎኛ የተሠራ ወረቀት አግኝቶ፥ ይህን የመሰለ ሥራልኝ ብሎ በኬንት አገር ለሚኖረው ለወረቀት ሠሪው ለባችለር ሰጠው፤ ከተልባ እግር ጨርቅ በቀር ሌላ እንዳይገባበትም አዘዘ። ቀለሙን ከሀኖቨር አስመጣ። ፊደሉን ራሱ ነደፈ። የገጹን ኅዳግ ሲለካ ሁለቱን ትይዩ ገጾች እንደ አንድ ቈጥሮ፥ የውስጡን ጠባብ የታቹን ሰፊ አደረገው፤ የጥንት ጸሐፍት ልማድ ይኸው ነበርና። በ1896 የባለቅኔውን የቾሰርን ሥራ በወረቀት 425፥ በብራና 13 አትሞ ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። በጽሕፈት ያጌጠ መጽሐፍ ለሚወድ ሁሉ ሥራው የሚያስደስት ነው። አንድ ነገር ግን ይቈረቍራል። ሞሪስ ጥበብ ለሠራተኛው ሕዝብ ሁሉ ይድረስ ብሎ በአደባባይ የተከራከረ ሰው ሆኖ ሳለ፥ የወረቀቱ ቅጂ 20 ፓውንድ ተሸጠ፤ ሠራተኛው ይህን ከየት ያመጣል?

የመሪጌታውም ጭንቀት ይኸው ነበር። መጽሐፏ እንደ ገና ትታተም ዘንድ 430 የሚሆኑ ሰዎች አዋጡ፤ ከእነርሱም መካከል የአንድ ሳምንት ጕርሳቸውን የሰጡ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። በጋዜጣ ወረቀት ቢታተም ለእያንዳንዱ ደርሶ ለየቅኔ ቤቱም ይተርፋል። በጥሩው ወረቀት ቢታተም ግን ከ300 አያልፍም ተባለ። ለማን ሰጥቶ ማንን መከልከል ይቻላል?

በማተሚያ ቤቱ አንድ ወጣት በመጀመሪያ ያሳያቸው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን አርት ፔፐር ነበር፤ ሥዕል ያምርበታል አላቸው። በዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠራዥ ግን፥ «የኔታ፥ ይህ ለማስታወቂያ ነው፤ ፊቱ በነጭ አፈር የተለቀለቀ ስለ ሆነ በሻማ ሲያነቡት ዓይን ይወጋል፤ እርጥበት ያገኘው እንደ ሆነም ቅጠሉ ከቅጠል ይጣበቃል» አሏቸው። ቀጥለውም ሁለት ዓይነት ወረቀት አመጡ፤ አንዱ የጋዜጣው፥ ሁለተኛው አታሚዎች ውድ ፍሪ የሚሉት። ይህ ስም ከእንጨት ያልተሠራ ማለት ቢመስልም፥ ትርጓሜው የተፈጨ እንጨት የሌለበት ነው፤ እንጨቱ በመድኃኒት ተቀቅሎ የሚያጠቍረው ነገር ወጥቶለታል። ደኅናው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባበታል፤ ኖራውም አሲዱን ያበርደዋል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ቀደዱት፤ በአንድ ወገን ቀጥ ብሎ ተቀደደ፥ በሌላው ወገን ተንሻፈፈ። ቀጥ ያለው ጭረቱ የተኛበት ነው፤ ይህ ከጥራዙ ጀርባ ጋራ ካልተስማማ መጽሐፉ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ አይቀመጥም አሉ። ወደ መስኮቱ አንሥተው ከበስተጀርባው ያለው ጽሕፈት ምን ያህል እንደሚታይ አሳዩ። መሪጌታው ቁም ጸሐፊውን አስታወሱ፤ አያያዙ ያው ነው።

ሁለቱን ብጣሽ ወስደው በቤታቸው መስኮት ላይ፥ ፀሐይ በሚያርፍበት፥ እኩሌታቸውን በዳዊቱ ገበታ ከድነው አኖሯቸው። በሳምንቱ ገበታውን ሲያነሡት የጋዜጣው ወረቀት ሁለት መልክ ይዞ ቈየ፤ የተከደነው ግራጫ፥ ያልተከደነው ቢጫ። በሁለተኛው ላይ ግን ዓይናቸው ወሰኑን መለየት አቃተው።

ቅኔ ያወቀ ሰው እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ማንሣቱ አይቀርም። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይቀመጣል። ፊደሉም ወርቅ፥ ወረቀቱ ሰም ነው ማለት ደስ ይላል። ምሳሌው ግን አይቆምም፤ በአንጥረኛው ቤት የሰሙ መቅለጥ ለወርቁ መወለድ ነው፥ በመጽሐፍ ዘንድ ግን ሰሙ የቀለጠ ቀን ወርቁም አብሮ ይፈሳል። የረገፈው የመወድስ ቤት ይመስክር።

ወረቀቱ ተመረጠ፤ የቍጥሩ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። ሽማግሌው ጠራዥ የመጽሐፉን ልክ ጠየቁ። ተማሪዎቹ ለክብሩ ብለው 17 በ24 ሳንቲ ሜትር ይሁን ብለው ነበር። በማተሚያ ቤቱ ያለው ወረቀት 61 በ86 ነውና፥ በዚህ ልክ ከአንድ ሉሕ የሚወጣው 16 ገጽ ብቻ ነው፤ የቀረው ተቈርጦ ይጣላል። ልኩ ወደ 15 በ21 ቢወርድ ግን ከዚያው ሉሕ 32 ገጽ ይወጣል። 96 ገጽ ያላት መጽሐፍ 6 ሉሕ መፍጀትዋ ቀርቶ 3 ይበቃታል ማለት ነው። መሪጌታው የፈሩት ስለ ረጃጅሙ ቤት ነበር፤ የመወድስ ቤት ተሰብሮ ወደ ታች ከወረደ ዜማውም አሳቡም ለአንባቢ ይጠፋልና። ፊደሉ በአንድ ደረጃ አንሶ ተሞከረ፤ ሁሉም ቤት በየመስመሩ ገባ፤ ስምንቱም የመወድስ ቤቶች በአንድ ገጽ ተቀመጡ። የአሳታሚዎቹ ፎቶግራፍና ባለ ቀለሙ ልባስ እንዲቀሩ ተደረገ፤ በዚህ ቅር የተሰኙ ነበሩ። ቍጥሩ 450 ደረሰ። ለአዋጡት ሁሉ ተርፎ ለቅኔ ቤቶች የሚቀረው 20 ብቻ ነው፤ ለየትኞቹ እንደሚደርስ ገና አልተቈረጠም።

በመጨረሻው ጥራዝ ሦስት ገጽ ባዶ ተረፈ። ወጣቱ ማስታወቂያ እንዲገባበት አሳሰበ፤ መሪጌታው አልፈቀዱም። የመምህሩን ቅኔ በልቡ የያዘ ሰው በየገጠሩ ገና ሳይኖር አይቀርምና፥ የሰማ በእጁ ይጻፍበት አሉ። ከዚያም የመቃ ብርዓቸውንና የጥላት ቀለማቸውን አስመጥተው፥ የናሙናውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የረገፈውን መወድስ እስከሚያስታውሱበት ድረስ ጻፉት። የመጨረሻውን ቤት ስፍራ ክፍት ተዉ። ሽማግሌው ጠራዥ ጐንበስ ብለው የፊደሉን ዳር ተመለከቱ፤ ቀለሙ አልሰረገም።