ካሜራውን የያዘችው እናት

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግላስጎው ከተማ ይዘናችሁ እንሄዳለን። በከተማይቱ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኬልቪን ወንዝ አጠገብ፣ በቀይ ድንጋይ የታነጸ ባለ ብዙ ግንብ ሕንፃ አለ። ኬልቪንግሮቭ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይባላል። የተከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ጣሪያው ከፍ ያለ ሰፊ አዳራሽ ይቀበላችኋል። ከበላይ በኩል የትልቅ ኦርጋን ቧንቧዎች ተደርድረው ይታያሉ። ወደ አንደኛው ክንፍ ስታልፉ ሰር ሮጀር የሚል ስም የወጣለት፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ዝሆን ታገኛላችሁ፤ ከበላዩ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ተዋጊ አውሮፕላን ተንጠልጥሏል። ወደ ቤተ መዘክሩ ለመግባት ገንዘብ ስለማይጠየቅ የከተማው እናቶች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጣሉ።

ወደዚህ ቤት ያመጣናችሁ ግን ስለ ዝሆኑ አይደለም። ከ2019 ሐምሌ እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሊንዳ ማካርትኒ የፎቶግራፍ ትርኢት ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው ይህችን ሴት የሚያውቃት የቢትልሱ ዘፋኝ የፖል ማካርትኒ ባለቤት በመሆኗ ነው። ከ1960ዎቹ የሮክ ሙዚቃ ሥዕሎች በጣም የታወቁትን አንዳንዶቹን ያነሳች ባለሙያ መሆኗን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በባል ስም ብቻ ስለምትጠራ ሴት የምትሉት ነገር ሳይኖራችሁ እንደማይቀር እንገምታለንና ታሪኳን እንንገራችሁ።

ሊንዳ በ1941 በኒውዮርክ ተወለደች። በ1962 መጋቢት እናቷ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱባት። በዚያው ዓመት ትዳር ያዘች፤ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሴት ልጇን ሄዘርን ወለደች። ትዳሩ ግን አልሰመረም፤ በ1965 ፈረሰ። በዚህ መካከል ትኖርበት በነበረው በአሪዞና ክፍለ ሀገር፣ በቱሳን ከተማ፣ ሄዘል ላርሰን አርቸር የምትባል መምህርት የፎቶግራፍ ትምህርት ትሰጥ ነበር። ሊንዳ እዚያ ከታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ ጋር ተዋወቀች። ከእነዚህ አንዷ ዶሮቴያ ላንግ ነበረች። ላንግ በ1936 በካሊፎርኒያ እርሻ ላይ፣ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ ተደግፈው በሐሳብ የተዋጠችውን የቀን ሠራተኛ እናት ያነሳችው ሥዕል እስከ ዛሬ በዓለም ይታወቃል።

ሊንዳ ከልጇ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተመልሳ ታውን ኤንድ ካንትሪ በተባለ መጽሔት ቢሮ በእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ያዘች። በ1966 ሰኔ ለመጽሔቱ አንድ የጥሪ ወረቀት መጣ። ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች በሃድሰን ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ ጀልባ ላይ ጋዜጠኞችን ሊያነጋግሩ ነበር። ሊንዳ ጥሪውን ለራሷ አስቀርታ ካሜራዋን ይዛ ሄደች። ሌሎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከወደቡ ሲቀሩ እሷ ብቻ ወደ ጀልባው እንድትገባ ተፈቀደላት። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ነበረች። ሙያዋ የተጀመረው በዚያን ቀን ነው ለማለት ይቻላል።

በትርኢቱ የቀረቡት የዚያ ዘመን ሥዕሎች እንዴት እንደተነሡ ልብ ማለት ይገባል። ሊንዳ የመብራት ብልጭታ ትታ በመስኮት በሚገባው፣ በክፍሉ ውስጥ ባገኘችው ብርሃን መሥራትን ትመርጥ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ሥዕል የሚይዝ በመሆኑ፣ እንደ ዛሬው ስልክ ዝም ብሎ መቶ ጊዜ መጫን አይቻልም፤ ተቀምጦ መጠበቅን፣ ሰውየውን ማጫወትን ይጠይቃል። ስለዚህ በሥዕሎቿ ላይ የምናየው በመድረክ ላይ የሚጮኸውን ዘፋኝ ብቻ አይደለም። ጊታር በመጫወት ዓለምን ያስደነቀው ጂሚ ሄንድሪክስ ከመድረክ ውጭ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ይታያል። ሄንድሪክስና ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን ሁለቱም በ1970፣ ገና በ27 ዓመታቸው ሞተዋል። የልጅ እናት የሆነ ሰው እነዚህን ፊቶች ሲመለከት ከዝናው በፊት የሚታየው ድካሙና የዕድሜያቸው ማነስ ነው።

በ1968 ግንቦት ሮሊንግ ስቶን የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ሊንዳ ያነሳችውን የኤሪክ ክላፕተንን ሥዕል በሽፋኑ አወጣ። የመጽሔቱን የሽፋን ሥዕል ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ከፖል ጋር የተጋቡት ከዚህ በኋላ፣ በ1969 መጋቢት ነው።

የትርኢቱ ሌላው ክፍል ወደ ቤት ውስጥ ይመራል። ከግላስጎው በመንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በኪንታየር ልሳነ ምድር፣ ቤተሰቡ አንድ የገጠር እርሻ ነበረው። ቢትልሶች ሲበታተኑ ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን ይዘው የተጠለሉት እዚያ ነው። ፖል ሕፃኗን ሜሪን በካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ የልጅቱ ፊት ብቻ ብቅ ብሎ የሚታይበት ዝነኛ ሥዕል የተነሣው በስኮትላንድ ሲሆን፣ በ1970 በወጣው በፖል የመጀመሪያ የብቻ ሸክላ ጀርባ ላይ ታትሟል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ አባትየውንና ሕፃኗን ያደንቃል። ያን ጊዜ ሕፃኗን ከወለደች ገና ጥቂት ወራት የሆናት፣ ካሜራውን የያዘችው እናት ግን በሥዕሉ ውስጥ የለችም።

ሊንዳ ከባሏ ጋር ዊንግስ በተባለው ባንድ ውስጥ ፒያኖና ሌላ የጣት መሣሪያ ስትጫወት፣ ሙዚቃ አታውቅም ተብላ ብዙ ተተችታለች፤ ተዘብቶባታልም። በ1972 ባንዱ አውሮፓን ሲዞር ልጆቹ አልቀሩም፤ በደማቅ ቀለም በተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከወላጆቻቸው ጋር ተጓዙ። ሥራዋንና ልጆቿን ለመለያየት አልፈለገችም፤ ገንዘቡም ስላለ ይህን ማድረግ ቻለች። በየቢሮውና በየፋብሪካው የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ልጅ ተከትሏችሁ የሚገባበት ሥራ ስንቶቻችሁ አላችሁ? ጥያቄው በዝነኛ ቤትም በደሃ ቤትም ያው ነው፤ መልሱን ግን ገንዘብ ይለየዋል።

ሊንዳ በ1998 ሚያዝያ በ56 ዓመቷ በጡት ካንሰር ሞተች። ከ21 ዓመት በኋላ የግላስጎውን ትርኢት ያዘጋጁት ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ሜሪና ስቴላ ናቸው። በአባቷ ካፖርት ውስጥ የነበረችው ሜሪ እሷም ፎቶግራፍ አንሺ ሆናለች፤ ስቴላ ደግሞ የታወቀች የልብስ ነዳፊ ናት። የእናትየው የ1960ዎቹ ማስታወሻ ደብተርም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በዚሁ ትርኢት ነበር። ሥራዋ በስሟ ሊቀርብ የቻለው ፊልሙና ደብተሩ ሳይጣል ተጠብቆ በመቆየቱ ነው።

ስለሆነም ውድ አንባብያን፣ እናንተም የቤታችሁን አልበም አውጥታችሁ አገላብጡት። የልደቱን ዳቦ የጋገረችው፣ የልጆቹን ልብስ የተኮሰችው እናት በስንቱ ሥዕል ውስጥ አለች? ከሌለች በሚቀጥለው በዓል ካሜራውን ወይም ስልኩን ለልጆቹ ስጧቸውና እናንተ ገብታችሁ ቁሙ። ቀሚሱ አሮጌ ቢሆን፣ ፀጉሩ ባይሠራም ግድ የለም። በስልክ ከተነሡት ጥቂቶቹን መርጣችሁ ፎቶ ቤት አሳጥቡ። ከጀርባቸውም ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን፣ እንዲሁም ማን እንዳነሳው ለስላሳ በሆነ እርሳስ ጻፉበት፤ የብዕር ቀለም ወደ ሥዕሉ ሊዘልቅ ይችላል።