ሳቅና መጤ

በጉና ግርጌ ላደገ ሰው ሥላቅ ከመጽሐፍ የሚማሩት ሙያ አይደለም። በጋዜጣ ገጽ ላይ በጥቂት መሥመር ተሥሎ የሚወጣው የካርቱን ሥዕል አገራችን ከመድረሱ አስቀድሞ ባለሥልጣንን በምፀት መሸንቆጥ የአዝማሪውና የባለቅኔው ድርሻ ነበር። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በመኳንንት ፊት ወረወሩት የሚባለው ተረብ እስከ ዛሬም ከደብረ ታቦር ጠላ ቤቶች አልጠፋም። ልብ ብሎ ለመረመረው ግን ሳቅ ወደ ላይ የሚወጣ አለው፤ ወደ ታች የሚወርድም አለው። እኔ በዚያው ከተማ ከእስላም ቤተሰብ የተወለድሁ በመሆኔ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀድሜ አውቀዋለሁ።

አያቴ ሸማኔም ነጋዴም ነበር። ዘሩ ከደሪጣ፣ ከጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች መንደር ይመዘዛል። ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለእኛ ወገን የሚሆን በግ ለብቻው ይሰጠንና አያቴ ራሱ ያርደው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም። ይሁን እንጂ በዚያው ድግስ ላይ ጨዋታ ሲደምቅ የእስላሙ ነጋዴ ሚዛንና መሐላ መሳለቂያ መሆኑ አይቀርም። አያቴ አብሮ ይሥቃል። ነጋዴ ለምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ሰፈራቸው ለብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ርስት ያልነበረውም ሰው ወደ ሸማና ወደ ሲራራ ተገፋ። ሰውን ከመሬት ነቅሎ ሚዛን ካስያዙት በኋላ በሚዛኑ መሣቅ ቀላል ነው።

የሚገርመው፣ የደብረ ታቦር ከተማ ራሷ ቆርቋሪዋ ራስ ጉግሣ መሆናቸው ነው። ራስ ጉግሣ የየጁው የወረ ሼህ ቤት ሰው ናቸው፤ ስሙም የሼህ ወገን እየተባለ ይተረጎማል። ቤቱ ክርስትናን ተቀብሎ አገር ሲገዛ ኖሮም ጠላቶቹ የእስላም ዘር ማለቱን አልተዉለትም። የዚህን ቤት ኃይል በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የሰበሩት ካሣም በተራቸው ከዘር ሽሙጥ አላመለጡም። የእቴጌ መነን ጦር መሪ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። ካሣም ድል ነሥተው ከማረኩት በኋላ ኮሶ አጠጡት። ሰው ሁሉ ይህን ሲተርክ ይሥቃል፤ የፖለቲካ ካርቱን በቀለም ፈንታ በኮሶ ተሣለ ቢባል ያስኬዳል። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለዚያች ሴት ነው። ልጅዋ ስድቡን ወደ ተሳዳቢው መለሱት እንጂ ኮሶ መሸጥ ነውር አይደለም አላሉም።

መጤነት ሁልጊዜ ድንበር በመሻገር አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሐረግ ትበቃለች። በንጉሡ ዘመን የመንግሥት አነጋገር የአገሩን ተወላጅ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይለው ነበር። «የኢትዮጵያ» ለማለት ምላሱ አልታዘዘም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው እኩልነት ነበር። በተከታዩም ዓመት የእስልምና በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ መከበር ጀመሩ። ይህን ሐረግ ከብዙ ተረብ ይልቅ መራራ አድርጌ የምቆጥረው ሐረጉን የጻፉት ሰዎች እየቀለዱ ስላልነበረ ነው።

በባዕድ አገር ያለው ስደተኛ ነገሩን በሌላ ቋንቋ ያውቀዋል። ፍልስጥኤማዊው ካርቱኒስት ናጂ አል ዓሊ በሕፃንነቱ ተፈናቅሎ ሊባኖስ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኵዌት ላይ ሐንዘላን ሣለ። ሐንዘላ ባዶ እግሩን የቆመ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቷል። ናጂ እስራኤልንም የዐረብ መሪዎችንም አልማረም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ጎዳና ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ነቢዩን የሚመለከቱ 12 ሥዕሎች ሲያወጣ ግን ብዕሩ የዞረው ወዴት ነበር? መሣል መብት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የሳቁ ክብደት ያረፈው በቤተ መንግሥት ላይ ሳይሆን ባገሩ ቋንቋ ገና በሚንተባተበው ሠራተኛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ፓሪስ ውስጥ በሻርሊ ኤብዶ ላይ በተፈጸመው ግድያ ከወደቁት 12 ሰዎች መካከልም አልጄሪያ የተወለደው የመጽሔቱ አራሚ ሙስጠፋ ኡራድና ፖሊሱ አሕመድ ሜራቤ ይገኙበታል። ገዳዮቹ ስለ እስላም ክብር ነው አሉ። ሙስጠፋን የጠየቀው ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ሙያዬ ስለሚያስገድደኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐጂ ኑሩ የሚባል ነጋዴ ያለበት ኮሜዲ ጽፌ ለአንድ ቴያትር ቤት አቀረብሁ። ገምጋሚዎቹ ገፀ ባሕርዩን ወደዱት፤ ነገር ግን አማርኛው እንዲሰበር፣ በየዐረፍተ ነገሩም «ወላሂ» እንዲል፣ ያኔ አዳራሹ በሳቅ እንደሚናወጥ መከሩኝ። አያቴ ከጉና አማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። እንቢ አልሁ፤ ቴያትሩም በዚያ ቤት ሳይታይ ቀረ።

ሐጂ ኑሩን ግን ቅዱስ አላደረግሁትም። እስላም አይሣቅበት ማለት እንደገና እንግዳ ይሁን ማለት ነው። ሐጂ ኑሩ ቆንቋና ነው፤ ሚዛኑ ሥር ሰም ይለጥፋል፤ ለግብር ሹሙ ያበደረውን ብር መጠየቅ ፈርቶ በየዕለቱ ቡና ይጋብዘዋል። ሹሙም ዕዳውን እየጠጣ ስለ ሐቀኝነት ይመክረዋል። ኋላ የደብረ ታቦር ወጣት አማተሮች ተውኔቱን በአንድ አዳራሽ ሲያሳዩት የከተማው ነጋዴዎች ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሹሙ ሦስተኛውን ሲኒ ሲያነሣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ሣቁ። ከትርኢቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ የሰሙን ነገር ማን ነገረህ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።