ቆለኛ ተራራ ሲወጣ



በጥቅምት ከአባቴና ከእህቴ ልጅ ጋር ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአራት ቀን የእግር ጉዞ ለማድረግ እየተዘጋጀን ነው። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለቱም የጀውሃ ልጆች ናቸው፤ ውርጭ የሚባል ነገር አያውቁም። ባሕር ያለው አገር ሰው እንዲህ ያለውን ጉዞ በባሕር ዳርቻ ይሄደዋል፤ የእኛ ዳርቻ ገደል ነው። "ልጆች ይዘን ብንሄድ ምን እናዘጋጅ?" ያላችሁኝ ወላጆች ስላላችሁ ለራሴ ቤተሰብ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

ጫማና ጃኬት ቀላሉ ነገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከፍታው ነው። ጀውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት። ደባርቅ ከ2800 ሜትር ያልፋል፣ ሳንካበር 3250፣ ግጭ 3600 ገደማ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ከ2500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ማንኛውም ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ጉልበት አያድንም፤ እንዲያውም ጎረምሳ "አልደከመኝም" እያለ ስለሚሮጥ ይብስበታል። "ሐበሻን ተራራ ምን ያደርገዋል?" የሚሉኝም አሉ። የሰሜን ተራሮች ነዋሪ ለብዙ ትውልድ ከፍታውን የተላመደ አካል አለው፤ ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። ቆላ ያደግን እኛ ግን በእሱ ልምድ መተማመን የለብንም።

ስለዚህ ጎንደር አንድ ሌሊት፣ ደባርቅ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከዚያ ሳንካበር፣ ቀጥሎ ግጭ። ከ3000 ሜትር በላይ የምናድርበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል እንጠነቀቃለን። ግጭ ላይ ሁለት ሌሊት ነው፤ በመሐሉ 3926 ሜትር ወዳለው እሜት ጎጎ ወጥተን ተመልሰን እንተኛለን። ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ማለት ለሰውነት ጥሩ ነው። በመጨረሻ ጨነቅ ደርሰን በመኪና እንመለሳለን። ግጭ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ስለሆነ ጓዝ ከሚጭኑት ሌላ አንድ የመቀመጫ በቅሎ እንከራያለን። ድንገት የታመመ ሰው በእግሩ እንዲወርድ መገደድ የለበትም።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። ከፍ ያለ ቦታ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው በሉ። ባላችሁበት እረፉ፤ እስኪሻላችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ትንሽ ልጅ "ራሴን አመመኝ" ላይል ይችላል፤ ይነጫነጫል፣ መብላትና መጫወት ይተዋል። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከተቀባዠረ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ውረዱ፤ ሕክምናውም እዚያው ይጀምራል። አረቄ "ያሞቃል" ይባላል፤ እዚያ ላይ ትንፋሽን ያዳክማል፣ ምልክቱንም ይሸፍናል። የእንቅልፍ ክኒንም እንደዚያው። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ሆኖም የሰልፋ አለርጂ ያለበት፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው። የአባቴን ግፊት በየቀኑ እየለካሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከፍታው ራሱ ግፊት ስለሚጨምር መለኪያዬም አብሮኝ ይወጣል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ሌሊት ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ያዙት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ አይሠራም።

አሁን ለእኛ ለይፋት ሰዎች ዋናው ነገር። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ንዳድ ይይዘኛል ብሎ ሲፈራ ኖሯል። እኛ ደግሞ ወባውን ይዘነው ልንወጣ እንችላለን። ትንኝ ከነከሰችን በኋላ ሕመሙ እስኪወጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል፤ ጥቅምት ደግሞ የእኛ አገር የወባ ወር ነው። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማቅለሽለሽ፤ ተራራ ላይ ይህ ሁሉ "ብርዱ ነው"፣ "ከፍታው ነው" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የተለመደው የከፍታ ሕመም ትኩሳት የለውም። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያዙ። ካተኮሰ ወደ ደባርቅ ወርዳችሁ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ለባለሙያውም "ከወባማ ቦታ ነው የመጣነው" በሉት፤ ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል። ከመነሳታችን በፊት ያሉትን ሳምንታት የእህቴ ልጅ አጎበር ውስጥ እንዲያድር የማሳድደው ለዚህ ነው።

ውሃ ማፍላት በቂ ነው፤ ከፍታ ላይ ቶሎ ስለሚንተከተክ ግን ሦስት ደቂቃ አቆዩት። የመንገዱን ሁኔታና ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ካሉ ሰዎች አረጋግጡ።

አባቴ "ራስ ደጀን ሳልደርስ?" ብሎ አኩርፏል። ከ4500 ሜትር በላይ ነው፤ በአራት ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ጨነቅ አካባቢ ዋልያ የመታየት ዕድሉ ጥሩ ነው ስለው ትንሽ ለዘብ አለ።