አራት ሰው፣ አንድ በርገር

አሰላ ውስጥ አራት ጓደኛሞች አንድ ደብተር አላቸው። ሽፋኑ ላይ «የበርገር መዝገብ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንዱ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዱ ነርስ ነው፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ደመወዝ ከወጣ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ይገናኛሉ፣ አንድ ቤት መርጠው ይገባሉ፣ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ዳቦው፣ ሥጋው፣ ችብሱ፣ ዋጋው፣ የአስተናጋጁ ፊት ሳይቀር ይመዘናል።

ሐሳቡ የመምህሩ ነበር። ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1986 ጀምሮ የአገሮችን ገንዘብ በቢግ ማክ በርገር ዋጋ እንደሚያወዳድር ክፍል ውስጥ ሲያስረዳ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የእኛስ?» ብሎ ጠየቀው። የእኛ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ማክዶናልድስ ስለሌለ ብር በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ሲለቅ ጥያቄው መምህሩን እንቅልፍ ነሳው። ደብተር ገዝቶ ጓደኞቹን ሰበሰበና «የአሰላን ኑሮ በበርገር እንለካለን» አላቸው። ሳቁበት። ግን መጡ።

ለዚህ ሥራ ከአርሲ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሥጋው ከደጅ ነው፣ ድንቹ ከጭላሎ ግርጌ ይወርዳል፣ ስንዴው ደግሞ የአርሲ ስም ማለት ነው። ባጃጅ ነጂው በተለይ ስለ ዳቦ ሲወራ ዝም ማለት አይችልም። የተወለደው ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ፣ ኦጎልቾ ከተማ አጠገብ ነው። ኦጎልቾ ደግሞ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ የስንዴም ስም ነው። በፈረንጆቹ 2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ ከመታ በኋላ፣ ከአሰላ ብዙም ሳይርቅ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በተከታታይ ካወጣቸው የዳቦ ስንዴዎች አንዱ ይኸው ኦጎልቾ ነው። የወጣው በ2012 ነው። ከተማዋን ረግጦ የማያውቅ የሌላ አካባቢ ገበሬ «ዘንድሮ ኦጎልቾ ዘራሁ» ሲል ይሰማል። ልጁ ይህን በተናገረ ቁጥር ነርሱ «እሺ፣ ለዳቦው አንድ ነጥብ ጨምሩለት» እያለ ያሾፍበታል።

ነገር ግን መዝገቡ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ መምህሩ ሰንጠረዡን ሲመለከት አንድ ነገር አየ። ግማሹ ሰረዝ ነው።

ምክንያቱን አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ከአራቱ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። «በስመ አብ» ተብሎ የታረደው ለነርሱና ለባጃጅ ነጂው አይሆንም፤ «ቢስሚላህ» ተብሎ የታረደው ለመምህሩና ለባንክ ሠራተኛዋ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ወር ሁለቱ በርገር ይበላሉ፣ ሁለቱ ችብስና ጁስ ይዘው ያያሉ። በሚቀጥለው ወር ይገለበጣል። ቢግ ማክ መለኪያ ሊሆን የቻለው ቶኪዮም ይሁን ካይሮ ያው ቢግ ማክ ስለሆነ ነው። እነዚህ አራት ሰዎች ግን አንድ ዓይነት በርገር አብረው ቀምሰው አያውቁም። «የትኛው ይበልጣል?» ብለው ሲከራከሩ የከረሙት አንዱ ሌላው የበላውን ሳያውቅ ነበር።

ጥር 2017 ላይ ነገሩ ከደብተር አለፈ። ባንክ ሠራተኛዋ የደረጃ ዕድገት አግኝታ ሁሉንም ጋበዘች። ደስታ አሳስቷት አራት ስፔሻል በርገር በአንድ ትንፋሽ አዘዘች፤ ቤቱ የክርስቲያን ነበር። ነርሱ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ ወደ መሃል ገፋው። እሷም «ለኔ ስትል እንኳ አንድ ቀን?» አለችው። ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። እሱ ምንም አልመለሰም። ባጃጅ ነጂው ሥራ አለብኝ ብሎ ቀድሞ ወጣ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ተራ ኩርፊያ ነው። ከአርሲ ስለ ሃይማኖትና ስለ ብሔር የሚሰማው ዜና በከበደበት ዘመን ግን «አንድ ቀን እንኳ» የምትል ቃል ቤት ድረስ ትከተላለች። እሱ «እምነቴን ቀለል አድርጋ አየችው» ብሎ አሰበ። እሷ «ግብዣዬን ተጸየፈው» ብላ አሰበች። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ጾሙ ለሁሉም ጥሩ ሰበብ ሆነ። ደብተሩ ተዘጋ።

የሚገርመው ወላጆቻቸው ይህን ችግር ከፈቱት መቆየታቸው ነው። በአርሲ ሰርግ ላይ ደጋሹ ለሌላው እምነት ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል። አራጁ ከእነርሱ ወገን ነው፣ ድስቱ ለብቻ ነው፣ ወጥ ሠሪዋም ከእነርሱ ናት። ለየብቻ መብላታቸውን ያየ እንግዳ መራራቅ ሊመስለው ይችላል። ደጋሹ ግን ያን ሁሉ ወጪና ድካም የተሸከመው ጎረቤቱ ሳይበላ እንዳይሄድ ነው። የጎረቤቱን እምነት እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ድግሱ ሥራ አንድ ክፍል ይቆጥረዋል። በርገር ቤት ውስጥ የጠፋው ይህ ነው። ወጣቶቹ ምግቡን ከስልካቸው ተማሩ፤ የድግሱን ጥበብ ግን ቤት ትተውት ወጡ።

በርገር ራሱ እንኳ ይህን ያውቃል። በ1962 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ሉ ግሮን የሚባል የማክዶናልድስ ቅርንጫፍ ባለቤት አርብ አርብ ገበያው ይሞትበት ነበር፤ የአካባቢው ካቶሊኮች አርብ ሥጋ አይበሉም። እሱ ዓሣ በዳቦ ይሁን አለ። የድርጅቱ አለቃ ሬይ ክሮክ ደግሞ የተጠበሰ አናናስ ይሁን አለ። ሁለቱ በስቅለት ዕለት ለውድድር ቀረቡ፤ ዓሣው በሰፊው አሸነፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው የዓሣ በርገር የተወለደው ደንበኞቹን «አንድ ቀን እንኳ» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚበሉ ካሰበ ነጋዴ ነው። ያው ድርጅት በ1996 ሕንድ ሲገባም የላምም የአሳማም ሥጋ ትቶ ነው የገባው። እርግጥ ትርፍ ፈልጎ ነው። ለትርፍ የሚታሰበው ለጓደኝነት የማይታሰብበት ምክንያት ግን የለም።

መፍትሔውን ያመጣው ብዙ የማያወራው ባጃጅ ነጂ ነው። ዒድ አለፈ፣ ፋሲካ ገባ። በሃምሳው ቀን ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ለሦስቱም ደወለ፤ «በርገር ፍለጋ ላይ ታች ከምንል ኑ እኛ ቤት» አላቸው። ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ዱግዳ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ቀረ፣ ጃኬት ወለቀ። በመኪናው ውስጥ ነርሱና ባንክ ሠራተኛዋ በሁለት ጫፍ ተቀመጡ።

ልጁ ማለዳ ደንበል ሐይቅ ዳር ወርዶ ዓሣ ገዝቶ ነበር። የገዛው ቆሮሶ ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ክርስቲያኖች እንደማይበሉት ያውቃል። ዓሣ አራጅ አይጠይቅም፤ ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ይመጣል። ዳቦው እናቱ በምጣድ የጋገሩት ነው፣ ከአባቱ ማሳ ስንዴ። ቲማቲምና ሽንኩርቱ በመስኖ የለማ የሰፈር ምርት ነው። ካቻፕ አልነበረም፤ ዳጣ ነበር።

እናቱ ዓሣውን መጥበስ ከመጀመራቸው በፊት ባንክ ሠራተኛዋን ወደ ማድቤት ጠሯት። አዲስ መጥበሻ አሳዩዋት፤ ተለጣፊ ወረቀቱ ገና አልተላጠም። «ልጄ፣ ይሄን ትናንት ከገበያ ገዛሁት። ሥጋ አልነካውም። ዘይቱንም አሁን ነው የከፈትኩት» አሏት። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። እሷ መልስ መስጠት አቅቷት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ከማድቤት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ነርሱ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና «የዚያን ዕለት እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳላዘው በፊት መጠየቅ ነበረብኝ» አለችው። «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም» አላት።

በሉ። መምህሩ ደብተሩን አወጣ። በዚያ ገጽ ላይ ሰረዝ የለም፤ አራት ስም፣ አራት ነጥብ። መምህሩ ስምንት ሰጠ። ነርሱ ዘጠኝ። ባጃጅ ነጂው ዐሥር ቢሰጥም በዝምድና ምክንያት ተሰረዘበት። ባንክ ሠራተኛዋ ግን ስድስት ጻፈች።

«ስድስት?» አለ ነርሱ፣ ከልቡ ተናዶ። «አዲስ መጥበሻ ተገዝቶልሽ ስድስት?»

«መጥበሻው ዐሥር ነው። ዓሣው ግን አጥንት አለው፤ ዳጣውም አቃጥሎኛል» አለችው።

እስከ አሰላ ድረስ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም በቀመሱት በርገር።