«ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት

እዚህ ሀገር ይግባኝ የማይባልባቸው ሁለት ፍርዶች አሉ። አንዱ «ሲስተም የለም» ነው፤ ሌላው «ተቃጥሏል»። የመጀመሪያውን ወረፋ ጠብቀን መስኮት ላይ ስንደርስ እንሰማዋለን። ሁለተኛውን ዕቃችንን ተሸክመን ጥገና ቤት ስንሄድ። በሁለቱም ጊዜ «የትኛው ክፍል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መብራቱ ነው? ኔትወርኩ ነው? ፕሮግራሙ ነው? ወይስ ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው? አንጠይቅም። ወይ አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን፣ ወይ ኪሳችንን እንዳብሳለን።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። የዜና ቤተሰቦች «ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ነገሩ የልጆች ይመስላል እንጂ የኪስም የአስተሳሰብም ጉዳይ ነው።

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። እኔ በወጣትነቴ የተጫወትኩበትን ፕሌይስቴሽን 2 ወርሷል፤ ግን ሌንሱ ስለደከመ ዲስክ አያነብም። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። እናቱ ለትምህርት ብላ በገዛችለት ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለውን ኢሙሌተር ጫነ፤ የቤታችንን ዲስኮችም ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠ።

ኢሙሌተር የአንድን ማሽን ጠባይ በሌላ ማሽን ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ነው። ከ150 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ ምርቱ በ2013 ቆመ። ዛሬ በየቤቱ የቀሩት እያረጁ ነው፤ ሌንሳቸው ይደክማል፣ ዲስኩም ይጫጫራል። ፒሲኤስኤክስ2 በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ሥራው ከ2002 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ሲገፋ የመጣ ነው።

«ይሄ ሌብነት አይደለም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን የኢሙሌተር ሠሪ ከስሶ፣ በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ኢሙሌተር መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ያልገዙትን ጌም ማውረድ ሌላ ነገር ነው። ባዮስ የሚባለው የኮንሶሉ መነሻ ፕሮግራምም የሶኒ ንብረት ስለሆነ ፒሲኤስኤክስ2 አብሮ አይሰጠውም። የእኛ ልጅ ዲስኩም ኮንሶሉም የቤቱ ነው።

ወደ ችግሩ ልመለስ። ኳስ ጨዋታ ሲከፍት ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሄዳል። ሜኑ ላይ አንዴ ሲጫን ሁለት ጊዜ ይዘላል። ምስሉ በዝግታ እንደተቀረጸ ፊልም ይጎተታል፤ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች የውጤት ሰሌዳውን ይሸነሽኑታል። ልጁ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሄደ። ፍርዱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፦ «ግራፊክሱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ካርድ ይገባለት። ጆይስቲኩም አልቆለታል።» የተጠየቀው ዋጋ እህቴ ለመስከረም ክፍያ ብላ ከጠበቀችው እቁብ ከግማሽ በላይ ነበር። እሷም ልጁ ኮምፒዩተር አልባ ከሚሆን ብላ ልትከፍል ተነስታ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሁላችንም የሚሆነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ግራፊክስ ካርድ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ቻርጀር፣ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። በግምት ዕቃ መቀየር ዱሮም ብልህነት አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቤት የሚፈታ ቅንጦት ሆኗል። እንደኛ ላለ ሀገር ከመለዋወጫው ይልቅ ምርመራው መወደድ አለበት።

ለእህቴ «ቅዳሜን ስጪኝ» አልኳት። ከልጁ ጋር አንድ ሕግ አወጣን፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንነካለን፤ የነካነውን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ለውጥ ካላመጣ ወደነበረበት እንመልሳለን።

ከጆይስቲኩ ጀመርን። ኢሙሌተሩን ዘግተን ዊንዶውስ ራሱ ወዳለው የጆይስቲክ መፈተሻ ሄድን። እዚያ ችግሩ ከታየ ጥፋቱ የኢሙሌተሩ አይደለም። እዚያ ከሌለ ደግሞ ጆይስቲኩን መጣል ግፍ ነው። ምልክቷ እጃችንን ሳናሳርፍ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ግራ የመሄዱ ነገር የጆይስቲኩ ነው። አናሎግ ስቲክ ሥር ያለው ትንሽ የመለኪያ ክፍል ሲያልቅ ወይም አቧራ ሲገባበት እንዲህ ይሆናል። ለጊዜው ኢሙሌተሩ ውስጥ «ትንሽ እንቅስቃሴን ናቅ» የሚለውን መጠን ከፍ አደረግንና ተጫዋቹ ቆመ። ይሄ ግን ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒቱ ማጽዳት ወይም ያችን ትንሽ ክፍል መቀየር ነው። ሙሉ ጆይስቲክ መግዛት አይደለም።

ድርብ መጫኑስ? ዊንዶውስ መፈተሻ ላይ አንድ ጭነት አንድ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ይሄኛው የኢሙሌተሩ ነው። ልጁ ከቪዲዮ እያየ ያለውን የግብዓት አማራጭ በሙሉ አብርቷል፤ አንዱ ጆይስቲክ በሁለት ስም ገብቶ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይዞታል። አንዱን አጠፋን፣ ቁልፎቹን እንደገና አስተካከልን፣ አለቀ። አንድ ጆይስቲክ ላይ የታዩ ሁለት ሕመሞች ሁለት የተለያየ ቦታ ተገኙ። «አልቆለታል» የሚለው ፍርድ ሁለቱንም በአንድ ጉድጓድ ቀብሯቸው ነበር።

ርካሽ ጆይስቲክ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። መሀሉ ላይ «አናሎግ» ወይም «ሞድ» የሚል ቁልፍ ካለ፣ መብራቱ ሲጠፋ ስቲኩ እንደ ተራ የአቅጣጫ ቁልፍ ሊሠራ ይችላል። «ተበላሸ» ከማለት በፊት እሱን አንዴ ተጫኑት።

ቀጥሎ ምስሉ። መጀመሪያ ያየነው ዊንዶውስ የግራፊክስ ክፍሉን በምን ስም እንደሚያውቀው ነበር። በአምራቹ ስም አያውቀውም፤ ማይክሮሶፍት ለክፉ ቀን ባስቀመጠው መሠረታዊ ማሳያ ብቻ እየሠራ ነው። ኮምፒዩተሩ ከወር በፊት ፎርማት ተደርጎ ነበር፤ ፎርማት ያደረገው ባለሙያ ድራይቨሩን ሳይጭን መልሶታል። የግራፊክስ ክፍሉ አልተቃጠለም፤ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ቁጭ ብሏል። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደን ጫንን። ወጪው የሞባይል ዳታ ነው። ፍጥነቱ ተሻሻለ፤ መስመሮቹ ግን እዚያው ናቸው።

ልጁ «አየህ፣ ተቃጥሏል» አለኝ። «ቆይ፣ ኤፍ9ን ተጫን» አልኩት። ይቺ ቁልፍ ሥዕል የመሳሉን ሥራ ከግራፊክስ ክፍሉ ወደ ፕሮሰሰሩ ታዛውረዋለች፤ ሌላ ጊዜ ስትጫን ትመልሰዋለች። ስንጫናት መስመሮቹ ጠፉ፤ ስንመልሳት መጡ። ከዚህ በኋላ የጌሙ ቅጂ ተበላሽቷል የሚለው ጥርጣሬ ከዝርዝራችን ወጣ፤ ፋይሉ ያው አንድ ፋይል ነውና። የቀረን የግራፊክስ ሴቲንጉ ነው።

እውነትም ልጁ የምስሉን ጥራት ከኮንሶሉ 6 እጥፍ ላይ ሰቅሎታል። የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች ለዱሮ ቴሌቪዥን የተሳሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ 640 በ448 አካባቢ። አንዳንዱ ጌም አንድን ምስል እንደ ጨርቅ ቁራጭ በቀጫጭን ሸርጥ ከፋፍሎ ጎን ለጎን ይለጥፋል። በዋናው ልክ ሲሆን መጋጠሚያው አይታይም፤ ሲለጠጥ ግን ስፌቱ አፉን ይከፍታል። ወደ ዋናው ልክ መለስነው። መስመሮቹ ጠፉ፣ ፍጥነቱም ሙሉ ሆነ። ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረን፦ ጥራቱ ሲወርድ ፍጥነቱ ከጨመረ የደከመው ግራፊክሱ ነበር ማለት ነው። ምንም ባይለወጥ ኖሮ ወደ ፕሮሰሰሩ እንዞር ነበር።

ፍጥነትን በተመለከተ የአውሮፓ ቅጂ ዲስክ ያላችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ በሴኮንድ 50 ምስል ነው የሚያሳዩት፣ የአሜሪካና የጃፓኑ 60። 50 ስላያችሁ ኮምፒዩተራችሁ ደከመ ማለት አይደለም፤ መቶኛው 100 ካለ ጤነኛ ነው።

በእርግጥ የሚቃጠል ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይገባ፣ ስክሪኑ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ካለ፣ ሌላ ስክሪንና ሌላ ገመድ ተሞክሮም ካልጠፋ፣ ያኔ ግራፊክስ ካርዱን መጠርጠር ይገባል። ባለሙያ መርምሮ «ተቃጥሏል» ቢል አምኜ እከፍላለሁ። የምጣላው ሳይመረምሩ ከሚፈርዱት ጋር ነው። ደግሞም ሁሉንም ጥፋት በጥገና ሰው ላይ አልጭንም። ደንበኛው «ቶሎ በል» ይለዋል፤ ለምርመራ ብቻ ክፈል ሲባል ይቆጣል። ሁለት ሰዓት መርምሮ «ምንም መቀየር አያስፈልግም» ያለን ሰው «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» የምንል ከሆነ፣ ዕቃ እንዲቀይርብን እያስተማርነው ነው። እኛ የምንከፍለው ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት አይደለም። ውጤቱም ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የወደድኩት የልጁን ደብተር ነው። አንድ ገጽ ተኩል ሞልቷል፤ የተነካው፣ የታየው፣ የተመለሰው። የኢሙሌተር ሠሪዎችም ችግር ለሚያመለክት ሰው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ የትኛው ቅጂ? በምን ኮምፒዩተር? የትኛው ጌም? ምን ስታደርግ? ምን ጠብቀህ ምን ሆነ? «አይሠራም» ብሎ የሚጽፍ መልስ አያገኝም፤ ቢሳደብም አያገኝም። ከመላው ዓለም የተሰባሰቡ፣ አብዛኞቹ በአካል የማይተዋወቁ ሰዎች ከ20 ዓመት በላይ አንድ ውስብስብ ማሽን ቁራጭ በቁራጭ ሊያስነሱ የቻሉት በዚህ ሥርዓት ነው።

እኛ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ስንከራከር የቱ ጋ ነን? አንዱ «ሁሉም ነገር ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላው «ምንም ችግር የለም» ይላል። ሁለቱም መፈተሻውን አልከፈቱም። ኃላፊውም ሲመጣ አሥር ነገር በአንድ ጀንበር ይቀይራል፤ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው፣ ቢብስ የትኛው እንዳባሰው የሚያውቅ የለም።

የእህቴ እቁብ ለታሰበለት ክፍያ ውሏል። ልጁ አሁን የሰፈር ልጆችን ኮምፒዩተር እያየ ነው፤ ሲጠሩት ከዕቃው በፊት ደብተሩን ነው የሚያነሳው። ገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ እኔ ነኝ «ለምርመራው አስከፍል» ያልኩት።